የሚሻል መጥቷል

ዘርአ ዳዊት ወረቀቱን ከማተሚያው ላይ ቀደደ፤ መነጽሩን አደረገ፤ አነበበ፤ የገዛ ልጁን ጋብቻም አፈረሰ።

«አይሆንም» አለ። «በአራት ቤት ይገናኛሉ።»

ለምርቃት የተነሡት ሽማግሎች መልሰው ተቀመጡ። የሙሽራው አጎት ቄስ ገብረመንፈስቅዱስ የጨበጡትን ብርሌ ሳይቀምሱለት ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ሙሽራው ገብረአብ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ኮፍያውን አውልቆ ውስጡን ይመለከት ጀመር። የዘርአ ዳዊት ልጅ ወለተሐና ከጓዳ ሆና ትሰማለች።

«አቶ ዘርአ ዳዊት» አሉ ቄሱ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «በመስከረም ስንጠይቅዎ ንጹሕ ነው ብለውን ነበር።»

«በመስከረም የነገረኝ አሮጌው ነው። ይኼ አዲሱ ነው።»

«ማሽኑን ለወጡት?»

«ማሽኑስ ያው ነው፤ የተለወጠው ሲስተሙ ነው።» ከዚያ ደብረ ብርሃን በሙሉ የሚያውቀውን ቃሉን ጨመረ። «የሚሻል መጥቷል፣ አባ።»

እኔ በጎረቤትነት ተጠርቼ ከግድግዳው ሥር ተቀምጫለሁ። በዚያ ዘመን ለአዲስ አበባ ጋዜጣ ከደብረ ብርሃን ዜና እልክ ነበር፤ ስለ ፈረሰ ድልድይም ስለ ፈረሰ ማኅበርም ጽፌአለሁ። አባት የልጁን ሰርግ በኩራት ሲያፈርስ ያየሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ያለው ነገር በደኅና ሲሠራ የሚጨንቀው ሰው ማለቴ ነው። ምድጃህ ይነዳል፣ ራዲዮህ ይናገራል፣ በግህ ይወልዳል፤ እሱ ግን አጠገብህ ቆሞ ለሬሳ እንደሚያዝን ራሱን ይነቀንቃል። የተሻለውን እስክትይዝ እንቅልፍ የለውም። ከያዝክ በኋላ ደግሞ ከያዝከው የተሻለ መጥቷል። ሌሎች ከተሞች ሁለትና ሦስት ይኖሯቸው እንደሆነ አላውቅም። ለደብረ ብርሃን አንዱ፣ ሊቀ ለዋጮች ዘርአ ዳዊት፣ በቅቷታል።

የዕድራችን ድንኳን ድሮ በእንጨት ምሰሶ ይቆም ነበር። ዘርአ ዳዊት በስብሰባ ተነሥቶ በብረት ቱቦ አስለወጠው። ብረት ቀላል ነው፣ ቶሎ ይተከላል አለ። አልዋሸም፤ ቶሎ ተተከለ። የደብረ ብርሃን ነፋስም ቶሎ ነቀለው። ድንኳኑ አጥር ተሻግሮ ሲሄድ ለቀስተኛው ሙሾውን አቋርጦ በሩጫ ተከተለው፤ የሟች ወንድም ጫፉን ይዞ እስከ አስፋልቱ ድረስ ተጎተተ። ሊቀ ለዋጮች ከሁሉም ኋላ ደረሰና ቱቦውን አገላብጦ አየ። «ጥፋቱ የብረቱ አይደለም፣ የካስማው ነው» አለ። «የሚሻል ካስማ አይቻለሁ።»

ጥቁሩን የመንዝ በጉን ከውጭ አገር በመጣ ነጭ አውራ ለወጠ። የነጩ በግ ላት ትራስ ያህላል። በፋሲካ ሲታረድ ሚስቱ ደመቀች ቢላዋ ይዛ ዞረችው፣ ዞረችውና «ዘርአ፣ በጉ የት አለ?» አለችው።

«ይኼ ነው እኮ።»

«ይኼማ ጅራቱ ነው። በጉን ነው የምጠይቅህ።»

ይህ ሁሉ ኮምፒውተሩ ሳይመጣ በፊት ነው።

ኮምፒውተሩን የተወለት በበግ እርባታ ሥራ ላይ አብሮት የነበረ ፈረንጅ ነው። ሰውየው ኮንትራቱ አልቆ ሲሄድ ሻንጣው ከበደው፤ ከበግ ቆዳውና ከማሽኑ አንዱን መምረጥ ነበረበትና ቆዳውን መረጠ። ማሽኑ እጀታ ያለው፣ የልብስ ስፌት መኪና የሚያህል ነገር ነው። ከፊት ለፊቱ ትንሽ መስታወት አለው፤ በመስታወቱ ላይ አረንጓዴ ፊደል ይበራል። ዘርአ ዳዊት ሳሎን ውስጥ አስቀምጦ ደመቀች በጠለፈችው ጨርቅ ሸፈነው። የመንግሥት አልነበረም፣ የቢሮ አልነበረም። የቤቱ ዕቃ ነበር። ደብዳቤ ይጽፍበታል፣ የዕድር ተራ ያወጣበታል፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቁጥር እየገመተ ይጫወትበታል።

ስለ ሲስተም ያስረዳኝ እሱ ነው። ማሽኑ ሲበራ ምንም አያውቅም፣ አለኝ፤ እንዴት እንደሚያነብ፣ እንዴት እንደሚጽፍ የሚያስተምረው የመጀመሪያው ዲስክ ነው። ያ ዲስክ ሲስተም ይባላል። ዲስኩ የመሐረብ ግማሽ የሚያህል ጥቁር ቀጭን ካርቶን ነው፤ በአፉ ታጎርሰዋለህ። ሲስተሙ ሲለወጥ ማሽኑ ያው ማሽን፣ ልማዱ ግን የሌላ ሰው ይሆናል። ፈረንጁ የተወለት ሲስተም ሲፒኤም ይባል ነበር።

የማሽኑ ሰዓት ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ስለሚቆጥር በመጀመሪያው ወር የቤቱን የግድግዳ ሰዓት ከማሽኑ ጋር አስተካከለ። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዓት አይኖርም አለ። ደመቀች ምሳ በስድስት ሰዓት ብላ አቀረበች፤ ግድግዳው አሥራ ሁለት ይላል። እንግዳ በሦስት ሰዓት ተቀጠረና በማለዳ ቡና ሳይፈላ መጣ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲደርሱ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ አልቋል። ደመቀች ሰዓቱን ከግድግዳው አውርዳ አልጋ ሥር ከተተችው፤ ቤቱ ወደ አገሩ ሰዓት የተመለሰው በዚህ ሁኔታ ነው።

ለሲፒኤም ያልሰበከው ሰው አልነበረም። ዲስኩን እያባዛ ለሰው ሁሉ አደለ፤ ማሽን ይኑረው አይኑረው ግድ የለውም። «ያዘው» ይላል፣ «ማሽኑ ኋላ ይመጣል።» ለእኔ ሰጠኝ። ለልብስ ሰፊው ሰጠ። ለቀበሌው ሊቀ መንበር ሰጠ። ለገበያ ወደ ቆላ ሲወርድ አልዩ አምባ ላይ ጨርቅና ጨው ለሚሸጠው ለወዳጁ ለዓወል ሰጠው። እንግዲህ እሱ ሲሰብክ የነበረው መብራት እንኳ ላልገባለት ሰው ነው።

ከዚህ ሁሉ መካከል አንድ የረባ ነገር ሠርቷል። ከተማችን ውስጥ ወልደአረጋይ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ከአንኮበር እስከ ሰላ ድንጋይ የማን ልጅ ማን እንደሆነ የሚያውቁ እሳቸው ናቸው። ልጅ ለመዳር የሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ እሳቸው ዘንድ ይሄዳል፤ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥሩለታል። ዘመድ ከሆነ ቀረ፣ ካልሆነ ጠላ ይጠመቃል። ዘርአ ዳዊት አንድ ክረምት ሙሉ ወልደአረጋይን ማሽኑ ፊት አስቀምጦ የሚያውቁትን ሁሉ ጻፈ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እሱ ይመታል፣ ደመቀች ጠላ ትቀዳለች። ሽማግሌው በተከታዩ ጥቅምት ዐረፉ። ከዚያ ወዲህ ማንም የቤት ቆጠራ በራሱ ለማስታወስ አልደከመም። «ዘርአ ዳዊት ሣጥን ውስጥ አለ» እንላለን፤ አለቀ።

በ1980 ዓ.ም. ታኅሣሥ አንድ የሥራ ባልደረባው ከአዲስ አበባ ሌላ ዲስክ አመጣለት። ዶስ ይባላል። ሊቀ ለዋጮች ሁለት ቀን ሞከረውና ፊቱ በራ። ቶሎ ይነሣል፤ ዓለም ሁሉ ወደዚህ እየሄደ ነው። ስሞቹን ከአሮጌው ወደ አዲሱ የሚያሻግር ፕሮግራም እሱ ራሱ ጻፈ። ሥራው ሲያልቅ ባዶ ዲስክ ስላጠረው የአሮጌውን ሲስተም ዲስክ ደምስሶ አዲሱን ጻፈበት።

«ምነው ብታስቀምጠው?» አልኩት።

«ካስቀመጥኩት እመለስበታለሁ» አለኝ። «መመለስ አልፈልግም።»

ወደ ሳሎኑ ልመለስ። ነገሩ ቀላል አልነበረም፤ ለገብረአብና ለወለተሐና ግን ከሁሉ ይከብዳል። እሱ መምህር ነው፣ ወደ ጎሬ ተዛውሯል፤ ከግማሽ ዓመቱ ዕረፍት በኋላ እዚያ መገኘት አለበት። እሷ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ሚስትን ከባሏ ጋር ያዛውራል፤ እጮኛን አያውቅም። ዐቢይ ጾም ከተያዘ ሰርግ የለም። ጾሙ ሲፈታ እሱ ጎሬ ነው፣ እሷ ደብረ ብርሃን፣ መካከላቸው የኢትዮጵያ ግማሽ። ዕድላቸው ቅበላ ሳይደርስ መጋባት ነበር።

«እስቲ ያንብቡልን» አሉ ቄሱ።

ዘርአ ዳዊት አነበበ። የዘርአ ዳዊት እናት እናት የአንኮበሩ የግራዝማች ገብረ ጻድቅ ልጅ ናት። የገብረአብ አያት አባትም የግራዝማች ገብረ ጻድቅ ልጅ ነው። እንግዲህ ወንድምና እኅት ናቸው። ልጆቹ የወንድምና የእኅት የልጅ ልጅ ልጆች ናቸው።

«አያቴ ከግራዝማች ቤት ማደጉን እኔም እሰማ ነበር» አሉ ቄስ ገብረመንፈስቅዱስ። «በስማቸውም ይጠራ ነበር። ልጅ ይሁን ያደገበት ብቻ ይሁን ግን አላውቅም። ያን የሚያውቁ ወልደአረጋይ ነበሩ።»

«ወልደአረጋይ እዚህ ውስጥ አሉ» አለ ዘርአ ዳዊት፣ ማሽኑን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ። «ካላመናችሁ የራሴን ቤት ልጠይቀው።» ቁልፎቹን ነካካ። ማተሚያው ጮኸ። እንደ አዋጅ ነጋሪ ቆሞ አነበበ። «ደመቀች፤ የባሻ ወልደተንሣኤ ልጅ።»

ከጓዳ የብረት ድስት ሲወድቅ ተሰማ። ደመቀች ወጣች።

«ምን አልክ አንተ ሰውዬ?»

«ማሽኑ ነው ያለው።»

«ማሽኑ ይደፋ! ባሻ ወልደተንሣኤ አባቴ አይደለም። እናቴን ያገባ ሰው ነው። አሳደገኝ፤ ያሳደገኝም በኩርኩም ነው።» ወደ ቄሱ ዞረች። «ይፍቱኝ አባ፣ ሬሳ መስደብ አይደለም። ግን ወልደአረጋይ ነፍሳቸውን ይማረውና እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጠው ‘ደመቀች የእንጀራ ልጅ ናት፣ ኮከብ አድርግባት’ ሲሉት ጆሮዬ ሰምቷል። የት አለ ኮከቤ?»

ዘርአ ዳዊት ወረቀቱን አየ። መነጽሩን አውልቆ አየ። ያኔ ነው ፊቱ አመድ የመሰለው።

ኮከቡ የወልደአረጋይ ደንብ ነበር። እንጀራ ልጅን ከአብራክ ልጅ ካልለየህ አልነግርህም ስላሉት ከእንጀራ ልጅ ስም ኋላ ሁሉ ትንሽ ኮከብ አድርጎ ነበር። ማሻገሪያውን ፕሮግራም ሲጽፍ ደግሞ አሮጌው ቆሻሻ ይዞ እንዳይመጣ ብሎ ከፊደልና ከቁጥር በቀር ሁሉን ጣል ብሎ አዘዘው። ፕሮግራሙም የታዘዘውን አደረገ። በሰሜን ሸዋ ያለ እንጀራ ልጅ በሙሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ የአብራክ ልጅ ሆነ።

«እንግዲያው አሮጌውን ያሳዩን» አሉ ቄሱ።

«ስሞቹ ያሉበት ዲስክ አለ። እሱን የሚያነብበው ሲስተም ነው የሌለው።»

«የት ሄደ?»

«አጠፋሁት።»

አንዱ ሽማግሌ ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ አፈኑ። ቄሱ አልሳቁም። «አቶ ዘርአ ዳዊት፣ በመስከረም አንድ ቃል ነገሩን፣ በጥር ሌላ። አሁን ደግሞ ወይዘሮ ደመቀች ሦስተኛ ጨመሩ። እኔ ለወንድሜ ልጅ ብዬ ደምን ከደም አላጋባም። በግራዝማች ቤት ያደገው አያቴ ኮከብ እንዳለበት በዓይኔ ካየሁ በቅበላው እሑድ እናጋባቸዋለን። ካላየሁ ይቅር።» ብድግ አሉ። ብርሌው እንደ ሞላ ቀረ።

ወለተሐና ከጓዳ ወጥታ የአባቷን ወረቀት ከመሬት አነሣች። አላለቀሰችም። «አባዬ፣ ለሰው ሁሉ ያደልከው ዲስክስ?» አለችው።

በማግስቱ ጠዋት እኔ ቤት መጣ። የኔ ዲስክ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፤ ሦስት ዓመት የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሆኖ አገልግሎኛል። ዘርአ ዳዊት አንሥቶ ወደ መስኮቱ አደረገው። ክብ የሻይ ቀለበት በቀለበት ላይ ተደርቧል፤ ካርቶኑ እንደ ቅል ጎብጧል። መልሶ ብርጭቆዬ ሥር አኖረው። ስድብ ጠብቄ ነበር።

ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄድን። «አለ፣ አለ» አለ ሰፊው ደስ ብሎት። ካርቶኑን ቀድዶ ውስጡ ያለውን ስስ ጥቁር ክብ አውጥቶ ነበር። «የቆብ አናት ልክ ነው ጋሼ ዘርአ። እንደሱ ያለ መለኪያ አላገኘሁም። የከተማው ቆብ በሙሉ የተቆረጠው በሱ ነው።» ክቡ በጠመኔ ተለቅልቆ፣ ዳሩ በመቀስ ተነካክቶ አየነው።

ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሊቀ መንበሩ በኩራት ተቀበለን። «የኛ ጠፍቶ አያውቅም። የሰጡን ንብረት በአግባቡ ነው የሚቀመጠው።» ቁም ሣጥን ከፈተ፣ ፋይል አወጣ፣ ፋይሉን ገለጠ። ዲስኩ ከስብሰባ ጥሪዎች መካከል ነው ያለው። እንደ ወረቀቶቹ ሁሉ ሁለት ቦታ ተበስቶ በሽቦ ታስሯል።

«ጓድ ሊቀ መንበር» አለ ዘርአ ዳዊት፣ «በስታችሁታል?»

«ሳይበሳ እንዴት ፋይል ይገባል?»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይተወው ነበር። እኔ ተውኩት። ዘርአ ዳዊት ግን ከቀበሌው በር ወጥቶ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አንኮበር ተራራ ተመለከተ። «ዓወል ይቀረናል» አለ።

በሦስተኛው ቀን በጭነት መኪና አንኮበር ገባን፤ እሱ፣ ገብረአብና እኔ። ገብረአብ ራሱ እመጣለሁ ብሎ ነው የመጣው። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ መንገዱ በእግር ነው። ከላይ ጉም ነው፣ ጋቢ ያስደርባል፤ ወደ ታች በወረድክ ቁጥር አንድ አንድ ልብስ ታወልቃለህ። ዘርአ ዳዊትና ገብረአብ ከሽምግልናው ቀን ወዲህ አልተነጋገሩም፤ እንደዚያው ወረዱ። ግማሽ መንገድ ላይ ዘርአ ዳዊት ቆመ።

«በዚያ በገደሉ አፋፍ የሚሻል መንገድ አለ።»

«ጋሼ» አለ ገብረአብ፣ ሳይቆም። «በዚህ እንሂድ።»

ዘርአ ዳዊት ተከተለው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ለማንም ሲታዘዝ አላየሁም።

ትንሽ እንደ ሄድን ገብረአብ፣ «ባይገኝስ?» አለ።

«ይገኛል።»

«ተበስቶ ቢሆንስ?»

«ዓወል መብሻ የለውም።»

«ባይገኝ እንኳ እኔ ለወለተሐና እጽፍላታለሁ። ከጎሬ ደብዳቤ ይመጣል።»

«በደብዳቤ ልጄን አልሰጥህም» አለ ዘርአ ዳዊት። «አንተን ነው የመረጥኩት፤ አልለውጥህም።» ይህን ሲል ወደ ፊት እያየ ነበር። ገብረአብ ኮፍያውን ደፋ አደረገ፤ ከዚያ በኋላ እየተጨዋወቱ ወረዱ።

ዓወል ሱቁ ደጃፍ ላይ ሰው አሰልፎ አቡጀዲ ይለካ ነበር። ሲያየን ክንዱን እንደ ዘረጋ ቀረ።

«አሰላሙ ዓለይኩም! ዘርአ ዳዊት! ወላሂ፣ ዘንድሮ ደግሞ ምን ልታስለውጠኝ መጣህ? ሚዛኔን አልሰጥህም፤ አስቀድሜ ነግሬሃለሁ።»

«ሚዛንህን አልፈለግሁም። ያን ዲስክ አለህ?»

«ጥቁሩን?»

«ጥቁሩን።»

ዓወል ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣለ። «አንተ ሰው፣ ማሽኑ ኋላ ይመጣል አላልከኝም? እኔኮ እየጠበቅሁ ነው። ከደብረ ብርሃን ነጋዴ በወረደ ቁጥር ‘ለዓወል ዕቃ አለ ወይ?’ እላለሁ። ሰው አበደ ብሎኛል።»

«ዲስኩን አሳየኝ።»

«ረሒማ!» ብሎ ተጣራ።

ሚስቱ ረሒማ ነገሩን ሁሉ ጠይቃ ሳትጨርስ አልተነሣችም። ማን ማንን ያገባል፣ ማን ከለከለ፣ ጾሙ መቼ ይገባል። ገብረአብን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ከዚያ ውስጥ ገብታ የሙሽርነት ልብሷን ያስቀመጠችበትን ሣጥን ከፈተች። ዲስኩ በሐር ሻሽ ተጠቅልሎ፣ አቧራ ሳይነካው፣ ከልብሶቹ መካከል ወጣ።

«ምን እንደሆነ ሳላውቅ እንዴት እጥለዋለሁ?» አለችው ዘርአ ዳዊትን። ዲስኩን ግን አልለቀቀችም። «ለሰርጉ ከሆነ ውሰዱት። ለሌላ ልወጣ ከሆነ አልሰጥም። ዓወልን አንዴ አሳብደኸዋል።»

«ለሰርጉ ነው፣ እኅቴ።»

«በአላህ ማልልኝ።»

«በእግዜር እምልልሻለሁ፤ እሱም አንድ ነው።»

ለቀቀችለት።

ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሎቹ እንደገና ሳሎኑ ውስጥ ተሰበሰቡ። መብራት ነበር። ዘርአ ዳዊት ዲስኩን ለማሽኑ አጎረሰውና አበራው። ማሽኑ አጉረመረመ፣ ጠጠር እንደሚያኝክ ተንጫጫ፣ ዝም አለ። መስታወቱ ጨለማ ነው። ደመቀች አማተበች። ዘርአ ዳዊት አጠፋው፣ ዲስኩን አወጣ፣ ውስጡ ያለውን ክብ በጣቱ ጫፍ ዞር ዞር አድርጎ አላቀቀው፣ መልሶ አገባው። ማሽኑ አጉረመረመ። ቆየ። አንድ አረንጓዴ ፊደል በራች፤ ኋላ ሌላ።

«ቀርፋፋ ነው» አለ ዘርአ ዳዊት በምሬት።

«ይቅረፈፍ!» አለች ደመቀች።

የስሞቹን ዲስክ አስከተለ። ግራዝማች ገብረ ጻድቅን ጠራ። ከሥራቸው ሚስታቸው ወለተ ሥላሴ ወጣች፤ ከሁለቱ ሥር ሁለት ልጆች። ሴቷ ኮከብ የለባትም። ከወንዱ ስም ኋላ፣ አዲሱ ሲስተም በጠረገበት ቦታ፣ ኮከብ ነበረ። ዘርአ ዳዊት ጣቱን ሰንዝሮ አሳየ፤ ቄሱ ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን ከመስታወቱ አስጠጉ። ዘርአ ዳዊት ወልደአረጋይ ያስጻፉትን አነበበ፤ ወለተ ሥላሴ ግራዝማችን ስታገባ ያን ልጅ ይዛ መጥታለች፤ ሴቷን ደግሞ ግራዝማች ከሞተች ሚስታቸው ወልደዋታል። ሁለቱ በአንድ ቤት አደጉ እንጂ ደም አያገናኛቸውም። ዘርአ ዳዊት ኮከቡን ተከትሎ አንድ ቁልፍ መታ። የወንዱ ልጅ የአብራክ አባት ስም ወጣ፤ ሥነ ጊዮርጊስ፣ የቡልጋ ሰው።

ቄስ ገብረመንፈስቅዱስ ቀና አሉ።

«አያቴ በየዓመቱ በሚያዝያ ወደ ቡልጋ ይሄድ ነበር» አሉ። «ሙት ዓመት አለብኝ ይል ነበር። የማን ነው ብንለው አይነግረንም። በግራዝማች ስም እየተጠራ እንዴት ይንገረን?» ወደ ገብረአብ ዞሩ። «ወንድሜ ይህን ሳያውቅ ሞተ። አንተ አወቅህ። በል፣ ተነሥና የአማቾችህን ጉልበት ሳም።»

ገብረአብ ጎንበስ ሲል ዘርአ ዳዊት በክንዱ ይዞ አነሣው። ደመቀች ግን ጉልበቷን አሳመች፤ እስኪበቃት ድረስ አሳመች። ከዚያ ወደ ማሽኑ ሄደች። «እስቲ እኔን አውጣኝ» አለች። ስሟን አወጣላት። ኮከቧን አይታ፣ የአባቷን ስም ጮክ ብሎ እንዲያነብላት አድርጋ፣ ጠጅ ልትቀዳ ሄደች።

እዚህ ላይ ሊቀ ለዋጮች ትምህርት ወሰደ ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። አልወሰደም። የሰርጉ ዳስ ሳይፈርስ ማሽኑን ወደ አዲሱ ሲስተም መለሰው። ማሻገሪያ ፕሮግራም ግን አልተጠቀመም። ከአሮጌው ላይ ሁሉንም አሳትሞ፣ ጾሙን በሙሉ ከሥራ መልስ እየተቀመጠ ስሞቹን አንድ በአንድ በእጁ መታቸው። ደመቀች ታነብባለች፣ እሱ ይመታል። ከእንጀራ ልጅ ስም ኋላ በኮከብ ፋንታ «የእንጀራ ልጅ» እያለ በሙሉ ቃል ጻፈ። ሲደክመው ወገቡን ይዞ ይነሣና በመስኮት ያየኛል። «የጽሕፈት መኪናህ አርጅቷል» ይለኛል በአጥር ላይ። «የሚሻል አለ።»

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አጥሩን ዞሬ ገባሁ። ለማግባት አላሰብኩም፤ ማንም አልጠየቀኝም። እናቴ የነገረችኝን የወገኖቿን ስም እስከማስታውሰው ድረስ ነገርኩት። አንዱን ሳልናገር እንዳላልፍ ሁለት ጊዜ መልሶ ጠየቀኝ። የመጨረሻውን ስም ሲመታ «እንጀራ ልጅ የለባችሁም?» አለኝ። አንድ አለን አልኩት። ጻፈው።

ወለተሐና በመጋቢት ጎሬ ጤና ጣቢያ ሥራ ጀመረች።